ሽምግልና የማያውቁ ጠባቂዎች

እህህ! "ዘመኑ ተበላሸ" እያላችሁ የምታማርሩ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ያላችሁት ሁሉ እውነት ነው፤ እንዲያውም ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ አሳንሳችሁታል። የሽሮው ጣዕም ጠፋ ብላችኋል፤ ጠፍቷል። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሰላም ማለት ተዉ ብላችኋል፤ ትተዋል። ክረምቱ እንኳ እንደ ድሮው ቀኑን ጠብቆ አይገባም ብላችኋል፤ አይገባም። እኔ ዛሬ የያዝኩት ብሶት ግን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። "ከሌባ ልንጠብቅህ መጣን" የሚሉ ጠባቂዎች አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው እርስ በርስ ሲቧቀሱ፣ ባለቤቱ ከገዛ ዕቃው ደጅ ተዘግቶበት ቆሞ የሚውልበት ዘመን ላይ ደረስን። ለዚህ ነው ዕድሜ የለመንነው?

አንደኛው ጠባቂ አንቲቫይረስ የሚሉት ነው። ድሮ ሥራው ፋይል መመርመር ብቻ ነበር፤ ፍላሽ ሲሰካ ብድግ ብሎ ያይና ተመልሶ ይተኛል፤ ደግ ነበር። አሁን ሹመት አማረውና "ዌብ ፕሮቴክሽን" የሚባል ክፍል ከፈተ፤ ኢንተርኔት ላይ የምትከፍቱትን ገጽ ሁሉ ከእናንተ ቀድሞ እሱ ካላየው አያሳልፍም። ሁለተኛዋ ኤክስቴንሽን የምትባለዋ ናት፤ ብራውዘሩ ላይ የምትጨመር ትንሽዬ ፕሮግራም። ትንሽ ብትሆንም ብቻዋን አትመጣም። አንዷ ማስታወቂያ ታግዳለች፣ አንዷ ስክሪፕት ትከለክላለች፣ አንዷ በየሊንኩ ጎን አረንጓዴና ቀይ ምልክት እያስቀመጠች ደጉን ከክፉው እለያለሁ ትላለች። ብራውዘሩም በበኩሉ የራሱ ጥበቃ አለው። በዚህ ሁሉ ላይ አንቲቫይረሱ "የእኔንም ኤክስቴንሽን ካልጨመርክ" እያለ ጠዋት ማታ ይጨቀጭቃል። ይህን ሁሉ ሠራዊት የሚቀልበው ማነው? አራት ጊጋባይት ራም ያላት፣ ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ ምስኪን ላፕቶፕ!

ማን ጫናቸው ትሉኝ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ምንም ነገር ጭኜ አላውቅም። አንድ መስኮት ብቅ ብሎ ሲጠይቀኝ በትህትና "እሺ" የሚለውን እጫናለሁ፣ ያ ብቻ ነው። ያደግሁት ለጠየቀ እምቢ ማለት ነውር በሆነበት ቤት ነው። የተቀረውን የጫነው የልጅ ልጄ ነው። ልጄም አታንስም፤ ድሮ ለበዓል ጫማና ሹራብ ትልክልኝ የነበረችው ዛሬ የአንቲቫይረስ ፈቃድ ገዝታ በኢሜይል ትልካለች። ሹራቡ ቢያንስ ከሌላው ሹራብ ጋር አይጣላም ነበር።

እስቲ የአንድ ማለዳ ጉድ ልንገራችሁ። ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። የፈለግሁት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ጡረታ ሊጨመር ነው ሲባል ሰምቼ ጋዜጣው ምን እንዳለ ለማየት ነው። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከታች በቀኝ ጥግ ቀይ ሳጥን ብቅ አለችና "አደገኛ ግንኙነት ታግዷል" አለች፤ ድምፅም አላት፣ የተኛ ሰው ታስደነግጣለች። ከላይ ደግሞ የኤክስቴንሽኗ ምልክት አረንጓዴ እንደሆነች ናት፤ ጠጋ ብዬ ባያት "ይህ ገጽ አስተማማኝ ነው" ትላለች። መሃል ላይ ብራውዘሩ በትልቁ "ማስጠንቀቂያ፤ ከፊትዎ የጸጥታ ስጋት ሊኖር ይችላል" ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በትንንሹ "የኮምፒውተርዎ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ" የሚልም ነበረበት፤ ድፍረቱን አያችሁልኝ! አንዱ አትግባ ይላል፣ አንዷ ግባ ትላለች፣ አንዱ ደግሞ ዕድሜዬንና ሰዓቴን ይጠይቃል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ፤ ጋዜጣውንም አላነበብኩ፣ ሌባውንም አላየሁ፣ ቡናውም ቀዘቀዘ።

እኔ በሕይወቴ ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። በድንበር የተካሰሱ ወንድማማቾች ጉልበት ስመው ይቅር እንዲባባሉ አድርጌያለሁ። እነዚህን ግን በየት በኩል ልያዛቸው? ሽማግሌ ልቀመጥ ብል የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ "ሌላው ይውጣልኝ"፣ ሌላዋም "እሱ ይውጣልኝ"። ካሣ አይቀበሉ፣ ምርቃት አይሰሙ። እንዲህ ስታገል መሽቶ ሌሊት ሆነና ለልጅ ልጄ ደወልኩለት። ዛሬ ልጅ ስልክ ቶሎ አያነሣም። በስንት መከራ አንሥቶ "አባባ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ተኝቼ ነው" አይለኝም? ትዕግሥት የሌለው ትውልድ!

ልጁ በማግስቱ መጥቶ የሆነ ያልሆነውን ነካክቶ ገጹን ከፈተልኝ፤ ምን እንደነካ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ አድራሻው አጠገብ ያለችውን የቁልፍ ምልክት ጠቅ አድርጎ አንድ ነገር አሳየኝ። ብራውዘሬ ፋየርፎክስ፣ ሞዚላ የሚባለው ድርጅት ሥራ ነው፣ እዚያ ላይ "ይህን ግንኙነት ያረጋገጠው ሞዚላ የማያውቀው ምስክር ሰጪ ነው" ይላል። ምስክር ሰጪው ማን ሆነና? ያው አንቲቫይረሱ! ጋዜጣው የራሱ የምስክር ወረቀት እያለው፣ እኔ ዘንድ የደረሰው በአንቲቫይረሱ ስም ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነውና ነገሩ ከልጁ ይልቅ ለእኔ ገባኝ። ዛሬ ከጥቂቱ በቀር ገጽ ሁሉ የሚመጣው ኤችቲቲፒኤስ በሚባል መንገድ ነው። ይህ ማለት እሽግ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ጽሑፉ ተመስጥሮ፣ የላኪው ማኅተም አርፎበት ይመጣል፤ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ፖስታውን እንጂ ውስጡን አያይም። መልካም። አንቲቫይረሱ ግን "ቫይረሱ ታሽጎ ቢመጣስ?" ይላል። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አለ ስንጥር። ታዲያ ምን ያደርጋል? እሽጉን መንገድ ላይ ተቀብሎ ይቀደዋል፣ ያነበዋል፣ መልሶ ያሽገውና የራሱን ማኅተም መትቶ ለብራውዘሩ ያስረክባል። ብራውዘሩ "ይሄ የማን ማኅተም ነው?" እንዳይለው ደግሞ የተጫነ ዕለት ሩት ሰርቲፊኬት የሚሉትን የራሱን የምስክር ወረቀት ከዊንዶውስ የታመኑ ማኅተሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። ማኅተም ማስመሰል ማለት ይኼ አይደለም ወይ? በእኛ ጊዜ ወህኒ ያስወርድ ነበር።

እኔ መዝገብ ቤት ሳለሁ "ጥብቅ ምስጢር" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን የሰው እሽግ ከፍቼ አላውቅም። ከፈትኩ ከተባለም የከፈትኩት በእርግጥ ምስጢር መሆኑን ለማረጋገጥ ነው፤ በጀበና እንፋሎት፣ ቀስ ብዬ፣ በወጉ፣ መልሼ እያጣበቅሁ። ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ኃላፊነት ነው።

ወደ ጠባቸው ልመለስ። ፋየርፎክስ ከድሮም ኩሩ ነው፤ የዊንዶውስን የማኅተም መዝገብ ትቶ የራሱን ብቻ ይይዝ ነበር። አንቲቫይረሱ የራሱን ማኅተም መትቶ ሲያመጣለት "አላውቅህም" ሊለው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ፋየርፎክስ 65 ሲወጣ (የፈረንጅ ዘመን የምጠቅሰው ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ጠቡ የእነሱ ስለሆነ ነው) የሆነው ይኸው ነው። አቫስት ወይም ኤቪጂ የሚባሉት አንቲቫይረሶች የተጫኑባቸው የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ የኤችቲቲፒኤስ ገጽ አልከፍት አለ። ሌባ አልገባ፣ ገጾቹ ደኅና፣ መስመሩ ደኅና፤ ጠባቂዎቹ ብቻ ተናንቀው። ሞዚላ ያንን ዝማኔ በዊንዶውስ ላይ ማዳረሱን ለጊዜው አቆመ። አቫስት ደግሞ በፋየርፎክስ ላይ የኤችቲቲፒኤስ ምርመራውን አጠፋ፤ ያኔ ሰላም ወረደ። ልብ በሉልኝ፤ ሰላም የወረደው አንደኛው ጥበቃውን ሲያቆም ነው! በዚያው ዓመት ጁላይ የወጣው ፋየርፎክስ 68 ደግሞ እንዲህ ያለ የጣልቃ ገብ ማኅተም ያጋጠመው ሲመስለው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የዊንዶውስን መዝገብ ማየት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ግን የስንቱ ሽማግሌ ቡና ቀዝቅዟል?

"ይሁን፣ ቢከፍተውም ለደኅንነታችን ነው" የሚል የዋህ አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ግን ስምንት ቢሊዮን የሚጠጉ ግንኙነቶችን አየ። ፋየርፎክስ ዝማኔ ለመውሰድ ካደረጋቸው ግንኙነቶች 4 በመቶው፣ የንግድ ድረ ገጾች ላይ 6.2 በመቶው፣ አሜሪካ ውስጥ ክላውድፍሌር ወደሚባለው ኩባንያ ከሄዱት ደግሞ 10.9 በመቶው መንገድ ላይ የተከፈቱ ሆነው ተገኙ፤ ከፋቾቹ አንቲቫይረሶችና የመሥሪያ ቤት መሣሪያዎች ናቸው። ከተከፈቱት የፋየርፎክስ ግንኙነቶች 97 በመቶዎቹ ባይከፈቱ ኖሮ ከሚኖራቸው ጥንካሬ በታች ወርደው ነበር። አያችሁ፣ ሲቀደድ ጠንካራ የነበረው እሽግ ሲመለስ በደካማ ሙጫ ነው የሚጣበቀው። የእኔ ሙጫ እንኳ ከዚያ ይሻል ነበር። በዚያው ዓመት ሮበርት ኦካላሃን የሚባል ቀድሞ ሞዚላ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ፣ ከማይክሮሶፍቱ በቀር አንቲቫይረሳችሁን አጥፉት ብሎ በአደባባይ ጻፈ። ጠባቂ አባርሩ የሚል መሐንዲስ! ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ያውቃል?

ማኅተም የመምታቱን ሥራ ከጠባቂ ውጭ ያሉትም ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌኖቮ የሚሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ሱፐርፊሽ የሚባል ማስታወቂያ አስገቢ ተጭኖባቸው መምጣታቸው ታወቀ፤ እሱም እሽግ እየከፈተ በራሱ ማኅተም ይመልስ ነበር። የማኅተሙ ምስጢራዊ ቁልፍ ደግሞ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አንድ ነው። አንዱን የፈታ የሁሉንም ፈታ ማለት ነው። ይህን ያህል ስንፍና በእኛ መሥሪያ ቤት ቢታይ ደመወዝ ያስቀጣ ነበር።

ኤክስቴንሽኖቹስ እርስ በርስ ይዋደዳሉ? ወግድ! እ.ኤ.አ. በ2009 ኖስክሪፕት የምትባለዋ ስክሪፕት ከልካይ፣ አድብሎክ ፕላስ የምትባለዋን ማስታወቂያ ከልካይ በአንድ ዝማኔ አሰናከለቻት፤ ለምን ቢሉ የኖስክሪፕት ሠሪው ድረ ገጽ ላይ ያሉት ማስታወቂያዎች እንዲታዩ። ሁለቱም የተጨመሩት ያንኑ አንድ ሰው ለመጠበቅ ነው! ነገሩ ሲታወቅ ሠሪው ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። ቢያንስ ያኔ ይቅርታ ነበረ። አሁን ደግሞ ክሮም የሚባለው የጎግል ብራውዘር ማኒፌስት ቪ3 የሚል አዲስ ሕግ አውጥቶ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ነባር ማስታወቂያ ከልካይ አሰናበተ። ልጁ ፋየርፎክስ ያስገባልኝ ለዚህ ነው። ስለማስታወቂያው ከሆነ እኔ አልጠየቅሁም ነበር፤ የጉልበት ቅባቱን ማስታወቂያ እወደው ነበር፣ የት ሄደ?

አንቲቫይረሱም ከእነዚህ ጋር ለመጣላት ሰበብ አያጣም። ካስፐርስኪ የሚባለው አንቲቫይረስ በየገጹ ውስጥ የራሱን ስክሪፕት ያስገባ ነበር፤ ከሥራዎቹ አንዱ በፍለጋ ውጤት ጎን አረንጓዴ ምልክት ማስቀመጥ ነው። ስክሪፕት የምትከለክለዋ ደግሞ ባዕድ ስክሪፕት አየሁ ብላ ታንቀዋለች፤ ሥራዋ ነዋ! አንዱ ሲለጥፍ አንዷ ስትልጥ ይውላሉ። ይባስ ብሎ አንድ የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት ጋዜጠኛ ያንን ስክሪፕት ገልጦ ቢያየው ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ መለያ ቁጥር ይዞ አገኘው፤ የትኛውም ድረ ገጽ ቁጥሩን አንብቦ ሰውየውን ከገጽ ገጽ ሊከተለው ይችል ነበር። ይህ በይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ነው፤ ኩባንያው መጽሔቱ ነግሮት አስተካክሎታል። ጎግልም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 አማርሯል፤ ክሮም ውስጥ የራሳቸውን ኮድ የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ያሉበት ተጠቃሚ ክሮም ድንገት የሚዘጋበት ዕድል 15 በመቶ ይበልጣል ብሎ። የእኔማ መዘጋት አይደለም፣ አልነሣም ብሎ መጋደም ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የአቫስት ነገር ነው። ቭላዲሚር ፓላንት የሚባል ሰው አለ፤ ያው በ2009 ጥቃት የደረሰባት የአድብሎክ ፕላስ ሠሪ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የአቫስትን ኤክስቴንሽን መርምሮ፣ ይህች ጠባቂ ነኝ የምትል ሰውየው የሚከፍተውን ገጽ ሁሉ ከሚያስፈልጋት በላይ እየመዘገበች ለባለቤቶቿ ትልካለች አለ። ዲሴምበር ላይ ሞዚላ የአቫስትንና የኤቪጂን ኤክስቴንሽኖች ከመደብሩ አወጣቸው። መረጃው ወዴት እንደሚሄድ በ2020 መጀመሪያ ጉዱ ተዘረገፈ፤ ጃምፕሾት የሚባል የአቫስት ቅርንጫፍ ኩባንያ ይሸጠው ነበር፤ ወዲያው ተዘጋ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ መረጃው ከ100 ለሚበልጡ ኩባንያዎች ተሽጧል አለ፤ በፌብሩዋሪ 2024 አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ለዚህ ነው እንግዲህ በር ላይ የቆመው! እኔ በጡረታ ገንዘቤ... ማለቴ ልጄ በገንዘቧ ፈቃድ የምትገዛው፣ የት ገባ የት ወጣ እየተባለ ገበያ ልወጣ ነው? የሰው ገመና ማውራት እንዴት ያለ ብልግና ነው! ጎረቤቴን ብትወስዱ ቀኑን ሙሉ የመሬት ደላሎች ገጽ ላይ ተተክሎ ይውላል፤ ማታ ማታ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የቱርክ ፊልም ያያል፣ ያለቅሳልም። በመስኮት አየዋለሁ። ግን ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?

ጥበቃ ድሮ ቀረ፣ ወዳጆቼ። መሥሪያ ቤታችን አንድ ዘበኛ ነበረን፤ ካቦርቱን ደርቦ፣ ቆመጡን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል። አንድ ብቻ! ሰርቲፊኬት አይጠይቅ፣ ፊት አይቶ ያውቃል። በእሱ ዘመን መርፌ ጠፍቶ አያውቅም። የጽሕፈት መኪናዎቹ የተወሰዱ ጊዜ እንኳ የተወሰዱት ዘበኛው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ነቅቶ እያየ የጠፋ አንድም ነገር የለም። ሌቦቹም ጨዋ ነበሩ፤ ሪባኑን ትተውልን ነው የሄዱት።

የድሮ ቫይረስ ራሱ ወግ ነበረው። የመጀመሪያው የፒሲ ቫይረስ የሚባለው ብሬን እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የሁለት የላሆር ወንድማማቾች ሥራ ነው፤ ውስጡ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈውበት ነበር። አድራሻውን ትቶ የሚሄድ ሰርጎ ገብ! ዛሬ እንኳን ሰርጎ ገቡ ጠባቂውም አድራሻ የለው፤ አቤቱታ ላቀርብ ብል "ቻት" ካላደረግህ ይለኛል። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት አገራችን ሲገባ በስልክ መስመር እየጮኸ ነበር የሚመጣው። አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ይጠጣል። ቫይረሱም ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ደክሞት ነው የሚደርሰው።

ፍላሽ የመጣ ጊዜ የነበረውስ ፍቅር! ኢንተርኔት ካፌ ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው፣ ትንሽ ቀስት ተለጥፎባቸው ታገኟቸዋላችሁ። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል እንጂ። የሰፈሩ ጎረምሳ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ "አትሪብ" ብሎ ጥቂት ፊደል ሲያክልበት ሁሉም ከተደበቀበት ይወጣል፤ ሻይ ትጋብዙታላችሁ፣ ትመርቁታላችሁ። ስንት ወዳጅ በቫይረስ ምክንያት አፈራሁ መሰላችሁ! ምንም ጠፍቶብኝ አያውቅም። የልጄ የሠርግ ፎቶ በዚያው ቀረ እንጂ ሌላው ሁሉ ተመልሷል።

የይለፍ ቃልም ቢሆን ያኔ ክብር ነበረው። እኔ ዛሬም ለሁሉም ነገር የምጠቀመው ያንኑ አንዱን ነው፤ ታማኝ ነው፣ አልለውጠውም። እንዳይጠፋ ሳሎን በር ጀርባ የተሰቀለው ካላንደር ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ። የሚገርመው አንቲቫይረሱም ኤክስቴንሽኗም በዚህ በአንዱ ብቻ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም "ደካማ ነው" ይሉኛል። በእኔ ላይ ሲሆን ይታረቃሉ!

አሁን ልጁ ያን ዕለት ምን ነካ ያልኳችሁን ልንገራችሁ። ቀኑን ነው የነካው። ላፕቶፗ ከአሜሪካ ስትመጣ በፈረንጅ ዘመን ነበር የምትቆጥረው፤ እኔ ወዲያው አስተካክዬ 2018 አደረግኋት፤ ሰዓቷንም ወደ እኛው መለስኩ፤ በራሷ እንዳትቀይረውም ያንን ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋሁባት። በቤቴ ውስጥ በሰው ዘመን የምትቆጥር ዕቃ አላስቀምጥም። ልጁ ግን "አባባ፣ የምስክር ወረቀቶቹ የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት ቀን አላቸው፤ ማሽኑ 2018 ላይ ከቆመ ዛሬ የተሰጠ ወረቀት ሁሉ ገና ጊዜው ያልደረሰ ይመስለዋል። አንቲቫይረሱም ብራውዘሩም የሚጮኹብዎት ለዚህ ነው፤ ኤክስቴንሽኗ የምታየው የድረ ገጹን ስም ብቻ ስለሆነ ግባ ትልዎታለች" ይለኛል። በመጣ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ከሄደ በኋላ ሰንበት ብዬ እመልሰዋለሁ። ቀን ከማኅተም ጋር ምን አገናኘው? መዝገብ ቤት ሳለሁ ቀን ያልተጻፈበት ወይም ቀኑ የተሳሳተ ደብዳቤ በፍጹም አልቀበልም ነበር፤ የቀን ነገር ለእኔ አይነገረኝም! ደግሞ ዘመናችንን በማክበሬ ተጠቅሜያለሁ። የአንቲቫይረሱ ፈቃድ እስከ 2026 ይላል፤ እኔ 2018 ላይ ነኝ፤ ገና ስምንት ዓመት አለኝ። ይህን ስነግረው ልጁ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሆደ ባሻ ነው፣ ያለቅሳል መሰለኝ።

ያም ሆኖ ለፍርድ ያህል ምክሩን ልንገራችሁ። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት አንቲቫይረስ አታኑሩ ይላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ሥራውን ለእንግዳው ለቅቆ ይቀመጣል፤ ከሁሉም ሥርዓት ያየሁበት እሱ ብቻ ነው። አንቲቫይረሱ ፋይሉን ይጠብቅ፣ ገጹን ለብራውዘሩ ይተውለት፤ ለዚህም የኤችቲቲፒኤስ ምርመራውን ከማስተካከያው ገብቶ ማጥፋት ነው ይላል። ማስታወቂያ ከልካይ አንድ ይበቃል። ገጽ አልከፍት ካለ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ እያጠፉ መሞከር፤ ሲጠፋ ሰላም የሚሰጠው እሱ ነው ጥፋተኛው። ደኅና ምክር ነው። ልጁ ሁሉንም እንዳለው አስተካክሎልኝ ሄደ፤ ለሳምንት ያህል ገጹም ተከፈተ፣ ላፕቶፗም ፈጠነች፣ የሚጮህም ጠፋ። ዝምታው አላስተኛኝም። ጠባቂ ዝም ካለ ተኝቷል ማለት ነው ብዬ ሁሉንም መልሼ አበራኋቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

እንግዲህ ይኸው ደግሞ ተያይዘዋል። ልጁ ፈተና አለብኝ ብሎ ስልኩን ዘግቷል። ልጄም "አባዬ፣ ፕሪሚየሙን ልግዛልህ" ትለኛለች። ስለዚህ የኤችቲቲፒኤስ ምርመራውን የሚያጠፋው ቁልፍ የት እንደተደበቀ የምታውቁ ካላችሁ፣ በዝማኔው ቦታውን ቀያይረውታልና፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። በኢሜይል እንዳትልኩ፤ የማላውቀውን ኢሜይል አልከፍትም፣ የማውቀውንም አላምነውም። በወረቀት፣ በፖስታ ይሁን። ቀን ይጻፍበት፤ ቀኑም በእኛው ዘመን አቆጣጠር ይሁን፤ አለዚያ አልቀበልም።